በንጋት የደረሰ ደብዳቤ

ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ኢዲዶ መንደር ከመኪና ወረድሁ። የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ አባት አርፈው ስለነበር ለቅሶ ለመድረስ ነው። ሌሎቹ የቢሮ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ጎሕ ሲቀድ ደርሰዋል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ዘገየሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «መንገዱ ላይ ጭጋግ ይኖራል» ብዬ ነበር። ጭጋግ ግን አልፈራም።

የመኪናውን በር እንደከፈትሁ፣ ከወንዙ ዳር ካለው የቡና ማጠቢያ የሚጣለው ገለፈት ሽታ ተቀበለኝ። ኮምጠጥ ያለ፣ ከሥሩ ጣፋጭነት ያለው፣ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ የሚቆይ ሽታ ነው። የአካባቢው ሰው ስለለመደው አይሰማውም። እኔን ግን ያለ ማስጠንቀቂያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አደረገኝ፤ ቀኝ እጄም፣ ሳላዘው፣ የተጣጠፈ ወረቀት እንደያዘ ሁሉ ጭብጥ አለ።

ያ ዓመት 1984 ነበር። ለዓመታት ተዘግታ የኖረችው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ዲላ ውስጥ እንደገና ተከፍታ፣ የሰንበት ትምህርት በአዲስ መልክ ተጀመረ። አስተማሪያችን ጋሽ ጂግሶ ነበሩ። በጤና ጣቢያ ድሬሰርነት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ፋሻና ሳሙና በከረጢት ይዘው ከመንደር መንደር እየዞሩ ቁስል ያጥባሉ። ከመዝሙር ይልቅ የሚወዱት ሰው መጠየቅ ነበር። በመስከረም አንድ እሑድ፣ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ አንዳንድ ሕመምተኛ ሰጡን።

«ቁስሉን እኔ አጥባለሁ» አሉ። «ወሬ ግን የለኝም፤ ሸምግያለሁ፤ ያለኝንም ነግሬ ጨርሻለሁ። እነዚህ ሰዎች ከታመሙ ወዲህ ደጃቸውን የሚረግጥ የለም። ወሬውን እናንተ ጻፉላቸው።»

አጠገቤ ለምትቀመጠው ለታደሉ፣ ወርቃ በሚባል መንደር የሚኖር አንድ ሰው ደረሳት። ታደሉ የጌዴኦ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ፣ ምላሷ ግን ከእኔ በብዙ የሚቀድም።

«የእኔ የሳንባ ነው። ያንቺስ?»

«እግር ነው።»

«እግርማ ቀላል ነው። የእኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ይስላል» አለች፣ የበለጠ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረቷን ነፍታ።

የደረሰችኝ ሴት እትዬ አለሚቱ ትባላለች። ኢዲዶ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሞቷል። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ ያን ሕመም ሰው በአውሬ ስም ይጠራዋል፤ ጋሽ ጂግሶ ግን ያንን ስም እንዳንጠራ ከለከሉን። በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር የሚያመጣው ነው እንጂ የማንም ዘር እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይሻገርም፣ ብለው አስረዱን። ቀጥለውም፣ ልባችን እንዲራራ ይመስለኛል፣ «የብቻዋ ኩባያ ነው ያላት። የብቻዋ መቀመጫ። ወንዝ የምትወርድበት መንገድ እንኳ የብቻዋ ነው» አሉ።

በእኛ ቤት የብቻው ኩባያ የነበረው አባቴ ብቻ ነበር። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ እኔና ወንድሞቼ ልንነካው አይፈቀድልንም ነበር። የብቻው ወንበርም ነበረው። ስለዚህ የጋሽ ጂግሶን ንግግር የተረዳሁት በዚያው መንገድ ነው፦ እትዬ አለሚቱ ታላቅ ሰው ናት፤ ምናልባትም ባላባት። ወንዝ የሚወርድ የግል መንገድ ያለው ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን የጀመርሁት «ለክብርት ወይዘሮ አለሚቱ» ብዬ ነው።

አባቴ ከሰሜን ሸዋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር፣ በቤታችን ደብዳቤ ቀልድ አልነበረም። ከኋላዬ ቆሞ የሰላምታውን ሥርዐት ቃል በቃል አስጻፈኝ፦ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፤ እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

«አባዬ፣ አይቻት አላውቅም እኮ። እንዴት እናፍቃታለሁ?»

«ሥርዐቱ ነው። ናፍቆቱ በኋላ ይመጣል።»

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። በጌዴኦኛ እየነገረቻቸው ጋሽ ጂግሶ በአማርኛ የጻፉት ነው፤ የእኔኑ ወረቀት ገልብጠው ከጀርባው። ደጋግሜ ስላነበብሁት አሁንም በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት እችላለሁ። «ልጄ፣ ስለ ጤናዬ አትጠይቂኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ያላየሁትን ጻፊልኝ። ቤትሽ አስፋልት ዳር ነው አሉኝ። ወታደር የጫነ መኪና ወደዚህ ወደ እኛ ሲያልፍ ካየሽ ንገሪኝ። ልጄ ሽብሩ ወደ ሰሜን ተወስዶ ነበር። ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

ጦርነቱ ያበቃው በግንቦት ነበር። የተበተነው ሠራዊት ወደየአገሩ ሲመለስ በዲላ ያልፋል፤ አንዳንዱ በጭነት መኪና፣ አንዳንዱ በእግሩ፣ ቡትቶ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈርቻቸው እሸሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የግራ ቅንድብ እመረምር ጀመር። አንድ ቀን ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጠ አንድ ረጅም ወታደር ጠጋ ብዬ አየሁት።

«ምን ታፈጫለሽ? ዝንጀሮ መሰልሁሽ?»

«ቅንድብዎን ነው።»

«ቅንድቤን!» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ክላሽ ወሰዱብን፣ ጫማ ወሰዱብን፤ ይቺ ደግሞ ለቅንድብ መጣች።» ሁለቱም ሳቁ። ቅንድቡ ጠባሳ አልነበረውም። የጠየቅሁበትን ምክንያት ስነግረው ሳቁ ተቋረጠ፤ የሽብሩን የጦር ክፍል ጠየቀኝ፤ አላውቅም ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዛሬም አላየሁትም» የሚለው ቃል የደብዳቤዎቼ ሁሉ መዝጊያ ሆነ። እሱን ከመጻፌ በፊት ግን ሌላውን ወሬ ሁሉ እደረድርላት ነበር፤ የጎረቤታችን ፍየል የቀበሌውን ማስታወቂያ ከሰሌዳው ላይ ቀዳ እንደበላችው፣ ሊቀ መንበሩም ፍየሏን ስብሰባ ሊጠራት እንደነበር። መልሷ፦ «ማንበብ ችላ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ከቻለች ወደ እኔ ላኪያት፤ ጂግሶ አርጅቷል።» ጋሽ ጂግሶ ይህንን ስለ ራሳቸው አንድም ቃል ሳይቀንሱ ጽፈውታል። ናፍቆቱ በኋላ ይመጣል ያለው አባቴ እውነቱን ነበር።

በኅዳር፣ ሄደን እንድንጠይቃት ተወሰነ። ጋሽ ጂግሶ ለጫማ ልክ የሚሆን ሲባጎ አመጡ፤ እግሯን ዙሪያውን ለክተው ቋጥረውበታል። ሲባጎውን ወለሉ ላይ ዘርግተን ክብ ሠራነው።

«ይኼ የወገብ ነው» አለች ታደሉ።

«የእግር ነው» አሉ ጋሽ ጂግሶ። ጫማ ሰፊው ከሸራና ከመኪና ጎማ፣ ጀልባ የሚያህል ጫማ ሠራ። ብርድ ልብስና አንድ ካርቶን ሳሙና ተጨመረበት።

ያገኘነው መኪና ሌሊት ተነሥቶ ወደ ቡና ማጠቢያው የሚሄድ የጭነት መኪና ነበር። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከልጆች ታደሉና እኔ ብቻ ተፈቀደልን፤ ከትልልቆቹ አባቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች። ጋሽ ጂግሶ ከሁለት ቀን በፊት ወደ ወርቃ ሄደው ነበር። ሐሳቡ ከዚያ በዋዜማው ኢዲዶ ገብተው እንግዳ እንደሚመጣ እንዲነግሯት ነው። ዝናብ መንገዱን ዘግቶባቸው እዚያው እንደቀሩ እኛ አላወቅንም።

ይርጋጨፌን ስናልፍ ገና ጨለማ ነበር። ኢዲዶ ስንደርስ ሰማዩ አመድ መስሎ መንጋት ጀምሯል፤ ያ የገለፈት ሽታ ከብርዱ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ትልልቆቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። አባቴ «ሰው ተኝቷል፤ ድምፅ አታሰሙ» አለን። በቡናውና በእንሰቱ መካከል በምታልፈው ጭቃማ መንገድ ተከታትለን፣ ያለ አንድ ቃል፣ ሄድን።

አንዲት ሴት ከደጇ ቆማ አየችን። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰላምታ አልሰጠችንም፤ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላችን ተከተለች። ከሚቀጥለው ግቢ ሁለት ወንዶች ወጡ፤ ከዚያም ቤተሰብ ሙሉ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከሽማግሎቻችን አንዱ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም በሆዴ፣ ባላባት አይደለች እንዴ፣ እንግዶቿን ሰው ሁሉ ያጅባል፣ አልሁ።

የግቢዋ አጥር እንጨት ላይ አንድ ኩባያ ተሰቅሎ ነበር። ጠርዙ ሰማያዊ፤ ልክ የአባቴን የመሰለ። ደስ ብሎኝ ለታደሉ በክርኔ ጠቆምኋት።

የዚያን ጊዜ አባቴ ቆመ። ትከሻዬን ሲይዘኝ ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ዞሮ ከኋላችን ያለውን ሰው እያየ ነበር፤ የተሸፈነውን ራስ ሁሉ፣ ዝምታውን። አባቴ በዕድሜው ስንት መርዶ አርድቷል፤ መርዶ በንጋት እንደሚነገር፣ ጎረቤት አስቀድሞ በጸጥታ እንደሚሰበሰብ፣ ነጋሪዎቹ ተከናንበው እንደሚመጡ ያውቃል። ያን ጠዋት ግን የተሸከመው ሳሙና ነበር፤ ሳሙና የተሸከመ ሰው መርዶ ነጋሪ መምሰሉን እንዴት ያስብ።

«እንመለስ» አለ በሹክሹክታ። በሩ ግን ተከፍቷል።

እትዬ አለሚቱ ካሰብኋት ይልቅ ትንሽ ሴት ነበረች። እግሮቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ከሁሉም ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤዬን በራሴ እጅ እንድሰጣት ተነግሮኝ ነበርና ወረቀቱን ዘረጋሁ። እኔን አላየችኝም። ወረቀቱን አየች፣ ጋቢዎቹን አየች፣ ለዓመታት ደጇን ያልረገጡትን ጎረቤቶቿን አየች።

«ሽብሩ» አለች። ጮኻ አይደለም፤ እንደሚጠራ ሰው።

ከዚያ ወደቀች። ያን ድምፅ ልገልጸው አልሞክርም። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ አለቀሰ፤ በሁለት በኩል እየገፉኝ አልፈው ሮጡ። መጀመሪያ የደረሰችው ቀድማ ከደጇ ያየችን ሴት ነበረች፤ ዘነበች ትባላለች፣ የእትዬ አለሚቱ የባሏ እህት ናት። ከመሬት አንሥታ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ሌላዋ እጆቿን ያዘች፣ ሌላዋ ወገቧን በነጠላ ታጥቃ አጠገቧ ተንበረከከች፣ አንድ ሽማግሌ ያበጡትን እግሮቿን እንዳትመታቸው በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙ። አባቴ «አይደለም! መርዶ አይደለም!» እያለ በአማርኛ ይጮኻል፤ ለቅሶው ዋጠው።

ታደሉ የሳሙናው ካርቶን ላይ ወጣች። በጌዴኦኛ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ፣ ጮኸች። ኋላ ምን እንዳለች ነገረችኝ፦ «ማንም አልሞተም! ሳሙና ነው ያመጣነው!»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ቆመ። የመጨረሻዋ ሴት ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ብቻዋን ጥቂት አለቀሰች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ፈርቼ ነበር እንጂ አልደነገጥሁም ማለት ይቻላል። ያስደነገጠኝ የተከተለው ነው። እጆቹ መነሣት ጀመሩ። እግሮቿን ያቀፉት ሽማግሌ ቀና አሉና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። እጆቿን የያዘችው ለቀቀቻት። ዘነበች ጭንቅላቷን ከደረቷ ላይ አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት፤ ብድግ አለች፤ መዳፎቿንም ቀስ ብላ፣ የምታደርገውን እንደማያውቅ ሰው፣ በቀሚሷ ጠረገች። ሰዎቹ ሁሉ እንደገና ከአጥሩ ዳር ነበሩ። መሐሉ ባዶ ቀረ።

እትዬ አለሚቱ እጆቹ ሲሄዱ አንድ በአንድ ታይ ነበር። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች፤ አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ቃሉ ግልጽ ነበር።

«ልጅ አለ?»

«አናውቅም፣ እናቴ» አለ አባቴ። ድምፁ እንዲህ ሲቀጥን ሰምቼው አላውቅም። «እኛ ደብዳቤ ይዘን ነው የመጣነው።»

«ደብዳቤ እንዲህ ይመጣል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ዘነበች ዞረች፤ ያለቻትን ታደሉ ተረጎመችልኝ።

«እሱ ሲሞት ነው እኔን የምትነኪው?»

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሏት። ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ውስጥ የቀረነው ከዲላ የመጣነው ብቻ ነበርን። ጫማውን አደረግንላት። ልኳ ነበር። ደብዳቤውን ማን እንዳነበበላት፣ ተነብቦም እንደሆነ፣ አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ጠማኝ። ወደ አጥሩ ሄጄ ኩባያውን ላወርድ እጄን ስሰነዝር፣ በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴት ከሩቅ በአማርኛ ጮኸችብኝ።

«ተዪው! እሱ የሷ ነው፤ አይነካም!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። «አይነካም» የሚለውን ቃል በቤታችን በየቀኑ እሰማው ነበር፤ እዚህ ግን የተነገረበት ፊት ሌላ ነበር። ኩባያውን አየሁት፤ ሳር የበቀለበትን መንገድ አየሁት፤ ወደ ወንዝ የሚወርደውን፣ የብቻዋን። «ክብርት» ብዬ የጻፍሁትን አስታወስሁ። ወደ አባቴ ሄጄ ጋቢው ውስጥ ገባሁ፤ ምን ሆንሽ ቢለኝም አልነገርሁትም።

ጋሽ ጂግሶ ጭቃ ለብሰው አመሻሽ ላይ ደረሱ። የሆነውን ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። መኪናው የሚመለሰው በማግሥቱ ስለነበር ሁላችንም እዚያው አደርን።

ማለዳ፣ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ የመንደሩ ሽማግሎች በሶንጎ፣ ነገር በሚያዩበት ዛፍ ሥር፣ ተሰበሰቡ። መሞቱ ባልታወቀ ሰው ላይ ለቅሶ ወጥቷልና ዝም ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። አባቴ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሣም እንደሚከፍል ተናገረ። ጋሽ ጂግሶ የሚባለውን ሁሉ በጆሯችን ይተረጉሙልን ነበር። እትዬ አለሚቱ በአዲሱ ጫማዋ ቀስ ብላ መጥታ ዳር ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለው ቦታ ክፍት ሆነ። ዘነበች ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፍታ ነበር።

የሽማግሎቹ አለቃ አቶ በራሶ ይባላሉ።

«እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልገጠመኝም» አሉ። «እንግዶቹ ካሣ አይከፍሉም፤ ሳሙና ነው ያመጡት። ነገሩ የእኛ ነው። ሽብሩ ሞተ ስትሉ ሦስት ቀን ከእሷ ጋር ልትቀመጡ መጥታችሁ ነበር። አልሞተም ሲባል ግን ሳትቆዩ ተበተናችሁ። ልጁ አለመሞቱ የእሷ ጥፋት ነው?»

ከዚያ ፈረዱ፦ ለቅሶ ተጀምሮ አይተውም፤ ጎረቤት ሁሉ ቆጮውን ይዞ እዚያ ግቢ ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያም በኋላ ወደ አለሚቱ ቤት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው በቀን ብርሃን ይምጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖም ገና ሰላምታ ሳይሰጥ «መርዶ አይደለም» ብሎ ይጣራ።

ሽብሩ በዚያ ዓመት አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። ግንቦት እስኪደርስ «ዛሬም አላየሁትም» እያልሁ ጻፍሁ።

ያን ጠዋት ግን፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ አቶ በራሶ የምትናገረው እንዳላት ጠየቋት። እትዬ አለሚቱ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«የሚቀመጥ ሰው ውኃ ይጠማዋል» አለች። «ቤቴ ያለው ኩባያ አንድ ነው። እሱም ውጭ ነው።»

«ይግባ» አሉ አቶ በራሶ።

«ማን ያግባው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የእንሰት ቅጠል በነፋስ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። አቶ በራሶ ማንንም በስም አልጠሩም፤ በትራቸውን ግን መሬት ላይ አጋደሙ፤ ይህም ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው። የተወሰነው እንዲህ ነበር፦ ያወጣው እጅ ያግባው። ዘነበች ተነሣች።